በኩታዬ ጫፍ ላይ የታሰረው ሰው

ልጄ ሙሳ ሞቷል። አራተኛ ክረምቱን አላየም።

ስለ እሱ ብዙ መጻፍ አልችልም። ስለ ፍርድ ግን ልጻፍ። ሰው ሁሉ ዳኛ ፊት የሚቆመው እውነቱን ለማግኘት ይመስለዋል። እኔም ይመስለኝ ነበር። እናንተም እስካሁን ካልቆማችሁ ይመስላችኋል። ዳኛ ዘንድ የሚኬደው ግን ነገሩን ለመጨረስ ነው፤ መጨረስና ማወቅ ደግሞ አብረው የሚኖሩ አይምሰላችሁ፤ አንዱ በደጅ ሲገባ ሌላው በጓሮ ይወጣል።

እኔ ጨው ነጋዴ ነኝ፤ ድርድር አውቃለሁ። ሻጭ ዝቅ ይላል፣ ገዥ ከፍ ይላል፣ መሐል ላይ ይገናኛሉ። የተገናኙበት ዋጋ የጨው እውነተኛ ዋጋ ነው ብሎ የሚምል ነጋዴ ግን አይቼ አላውቅም። ፀሐዩ በርትቶባቸው፣ አህያው ደክሞባቸው፣ ሁለቱም ወደየቤታቸው መሄድ ፈልገው የተስማሙበት ነው። በጨው ነውር የለውም። በሰው ነፍስም እንዲሁ እንደሚደረግ ያየሁት ዘንድሮ ነው።

አባቴ ከጎጃም እስከ አሶሳ የሚመላለስ ነጋዴ ነበር። ቁርአኑንም የአማርኛውን ፊደልም እንድማር የሰደደኝ እሱ ነው፤ ሁለቱንም አጋምሼ ተውኩና ጨው መሸጥ ጀመርኩ። አሶሳ ላይ ሐዋን አገባሁ፤ የዚሁ አገር ልጅ፣ የበርታ ልጅ። ሙሳን ወለደችልኝ፣ ቀጥላም ዘይነብን። ዘይነብ ዘንድሮ መዳህ ጀምራለች። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከሰፈራችን በስተታች ወንዝ አለ። ዝናቡ ሲያባራ ሰዉ ሁሉ እዚያ ወርዶ ወርቅ ይቆፍራል። ጉድጓዱ አንዳንዱ ደረት ድረስ ነው፣ አንዳንዱ ሰው ይውጣል፤ ውሃ ይቋጥራል። ስለዚህ ሕግ አለ፤ ማንም አልጻፈውም፣ ሁሉም ያውቀዋል። ቆፋሪ ወደ ቤቱ ሲሄድ ጉድጓዱን በቀርከሃ መክደኛ ይሸፍናል፣ መክደኛው ላይ ድንጋይ ይጭናል። መክደኛና ድንጋይ ያለው ጉድጓድ ባለቤት አለው፤ ወርቁ ከታች ቢያበራ እንኳ ማንም እጁን አይሰድም። ክፍቱን የተገኘ ጉድጓድ ግን የተተወ ነው፤ ቀድሞ የራሱን መክደኛ ያለበሰው ይወስደዋል። ቤቱን ሳይዘጋ የሚያድር ሞልቷል። ጉድጓዱን ሳይሸፍን የሚያድር አላውቅም።

ሙሳ የተገኘው በእድሪስ ጉድጓድ ውስጥ ነው። መክደኛው ሣሩ ላይ ተቀምጧል፣ ድንጋዩ ከመክደኛው አጠገብ። በሥርዓት። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

እድሪስን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው በጉድጓዱ ነው፤ በወንዙ ዳር እንደሱ ጉድጓድ ወርቅ የሚሰጥ የለም ይባላል። ክንዱ የኔን ጭን ያክላል። በጠባብ መንገድ ስንገናኝ ሁልጊዜ እለቅለት ነበር፤ ከጸብ ሳይሆን ከስፋቱ የተነሣ። ሽማግሌዎቹ ጠርተው ሲጠይቁት፣ ማታ ሲሄድ መሸፈኑን፣ ድንጋይ መጫኑን ተናገረ፣ በአላህም ማለ። ጉድጓዱ የሱ ነው፣ ተከፍቶ ተገኝቷል፣ ሕፃን ሞቶበታል፤ እሱ ደግሞ ሸፍኛለሁ ይላል። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ነገሩ የነፍስ ነው፣ ከእኛ በላይ ነው አሉና ወደ ዳኛው መሩን። ዳኛው ያን ሰሞን በባምባሲ መንገድ ላይ ድንኳን ተክለው ነበር፤ ጧት የወጣ ሰው ረፋዱ ላይ ይደርሳል። ፍርዱ እስኪታወቅ ድረስም ሽማግሌዎቹ ማንም እንዳይነካው ብለው፣ ጉድጓዱን በእድሪስ መክደኛና በእድሪስ ድንጋይ መልሰው ሸፈኑት።

ቁራኛ የሚባለውን ታውቁ ይሆናል። ከመሐል አገር የመጡት ሹሞች ያመጡት ወግ ነው። ተከሳሽ እንዳይጠፋ፣ ከሳሹ የኩታውን ጫፍ ከተከሳሹ ልብስ ጋር ይቋጥርና ዳኛው ፊት እስኪደርሱ አብረው ይሄዳሉ። ቋጠሮውን የፈታ ተከሳሽ ጥፋቱን በራሱ ላይ እንደመሰከረ ይቆጠራል። ዘበኛ አያስፈልግም፣ ሰንሰለት አያስፈልግም፣ መንግሥት ምንም አያወጣም። እንዲህ ያለ ርካሽ እስር ቤት ያሰበ ሰው ብልህ መሆን አለበት። የኩታዬን ጫፍ ከእድሪስ መታጠቂያ ጋር ስቋጥር፣ እድሪስ አንዴ ቋጠሮውን፣ አንዴ እኔን፣ መልሶ ቋጠሮውን አየ።

«ማነው የታሰረ?» አለኝ።

የኩታዬን ሌላ ጫፍ ትከሻዬ ላይ ጣልኩ።

እንደ ነጋ ወጣን። መንገዱ በቀርከሃ ጫካ መሐል ነው፤ ቀርከሃው ከላይ ተገጣጥሞ ቀኑን አመሻሽ ያስመስለዋል፣ ነፋስ ሲነካው ደግሞ ብዙ ሰው ከኋላ የሚከተል ይመስላል። ከለቅሶ የወጣ ሰው አይፈራም ይባላል። ውሸት ነው። እኔ ፈራሁ። ይህ ሰው ቀኝ እጁን አንገቴ ላይ ቢያሳርፍ በቃ፣ ወሬዬን የሚያወራ የለም። ወይም ወደ ድንበሩ በኩል ቢሮጥ፣ ድንበሩ እንደሆነ ቅርብ ነው፣ እኔ ኩታዬን እንደያዝኩ እንደ ጥጃ እየተጎተትኩ ሱዳን እገባለሁ። ኩታውን ልልቀቅለት ወይስ ልከተለው እያልኩ በልቤ ስከራከር ብዙ መንገድ ሄድን። የምንነጋገረው በበርታኛ አንድ ቃል፣ በአማርኛ አንድ ቃል እየተበዳደርን ነው፤ ያን ጧት ግን ማንም ለማንም አላበደረም።

ጫካው መሐል ሌላ ወንዝ አለ። ውሃው ወገብ ይደርሳል፣ ይጎትታል። እድሪስ ቀደመ፣ እኔ ተከተልኩ። መሐል ላይ እግሬ ሸርተት ሲል ኩታዬ ተጎተተ፣ ከዚያ ላላ። ቀና ስል እድሪስ ማዶ ወጥቷል። የኩታዬ ጫፍ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። በእኔና በእሱ መሐል ወንዙ ብቻ ነው ያለው፣ ከኋላው ደግሞ ጫካው። ቋጠሮውን እሱ አልፈታውም፤ ራሱ ነው የተፈታው። የሚያይ ሰው አልነበረም።

እድሪስ ቆሞ ጠበቀኝ። ስወጣ ጫፉን ከውሃው አነሣ፣ ጨመቀው፣ በመታጠቂያው ዙሪያ ሁለቴ አዙሮ በሥር አሳለፈው፣ ሳብ አድርጎ ሞከረው። ከጉድጓድ አፈር የሚያወጡበትን ቅርጫት እንዲህ ነው የሚያስሩት።

«ያንተ ቋጠሮ የነጋዴ ናት» አለ። «ትፈታለች። ይቺ አትፈታም።»

ከዚያ ቀድሞኝ መሄድ ጀመረ፤ እኔም፣ እንግዲህ ታስሬ የለ፣ ተከተልኩ።

እዚህ ላይ ፍርሃቴ ተለወጠ፤ ይህን ልብ በሉልኝ። እስከ ወንዙ ድረስ እድሪስን ነበር የምፈራው። ከወንዙ ወዲህ የፈራሁት የእድሪስን እውነተኛነት ነው። ማምለጥ እየቻለ ራሱን መልሶ ያሰረ ሰው ዋሽቷል ለማለት ጉልበት አጣሁ። እሱ ካልዋሸ ደግሞ ጉድጓዱ ተሸፍኖ ነበር። ተሸፍኖ ከነበረ፣ ድንጋዩን ያነሣ ሰው አለ። ሙሳ ያን ድንጋይ አያነሣም፤ እኔም የማነሣው በሁለት እጄ ነው። ያነሣው ሰው እኛ ሰፈር ያድራል፣ ከእኛ ወንዝ ይጠጣል፤ ጉድጓዱም ብዙ ነው፤ ዘይነብም መዳህ ጀምራለች። ስለዚህ መንገዱን በሙሉ፣ ይህ ሰው አጥፊ ይሁን ብዬ ለመንኩ። አላህ ይቅር ይበለኝ። እድሪስ ካጠፋ፣ ክፉው ነገር በኩታዬ ጫፍ ላይ ታስሯል ማለት ነው። እሱ ካላጠፋ ግን ሰፈር ውስጥ ከሚስቴና ከልጄ ጋር ትቼው መጥቻለሁ።

ድንኳኑ ጋ ስንደርስ የተቀበለን አጋፋሪው ነው፤ ባለጉዳይ እየለየ ወደ ዳኛው የሚያስገባ፣ ሸዌ፣ ሆዱ ቀድሞት የሚመጣ፣ ሳቂታ ሰው። ነገራችንን ሰማ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ወደ አንድ ሾላ ሥር ወሰደን። ለእድሪስ ብቻውን የሚነግረው ምስጢር ስላለ እኔ እልፍ እንድል ጠየቀኝ። ቋጠሮውን አሳየሁት። አጋፋሪው ቋጠሮውን አይቶ ጥቂት አሰበ።

«እንግዲያው ጆሮህን ያዝ» አለኝ።

ጆሮዬን ያዝኩ። እንዲህ ከክንድ ርቀት ላይ ቆሜ፣ ጆሮዬን በሁለት እጄ ይዤ፣ የልጄ ደም እንዴት እንደሚታረቅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እድሪስ ዳኛው ፊት ቆሞ ሸፍኜዋለሁ ካለ ክዷል ማለት ነው። የካደ ሰው በነፍስ ይጠየቃል፤ ጉዳዩ ወደ ትልቁ ችሎት ይላካል፣ እስኪታይ ድረስ በሰንሰለት ይቆያል፣ መቼ እንደሚታይ የሚያውቅ የለም፤ የሚመሰክርበት ሰው ከተገኘ ደግሞ ገመድ ነው። «ሳላስብ፣ ሳልሸፍን ሄድኩ» ካለ ግን ነገሩ ግድያ መሆኑ ቀርቶ ቸልታ ይሆናል። በካሳ ያልቃል፤ እኛ ዲያ የምንለው ነው። ዛሬውኑ ቤቱ ይገባል። ዳኛው ይህን አይጠሉም፤ መንገድ ሊነሡ ነው፣ ድንኳኑ ሊነቀል ነው፣ ያለቀ ነገር ይወዳሉ።

እድሪስ የሰማው ሁሉ የገባው አልመሰለኝም። እኔ ሸፍኛለሁ አለ። አጋፋሪው፣ ሲሸፍን ያየው ሰው እንዳለ ጠየቀው።

«አላህ አየ» አለ እድሪስ።

«እሱን ጠርተን አናስመሰክርም፣ ወንድሜ» አለ አጋፋሪው፤ በደግነት ነው ያለው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ጆሮዬን እንድለቅ ነገረኝ፤ የሰማሁትንም እንደ አዲስ ደገመልኝ፣ እኔም እንደ አዲስ ሰማሁ። የኔ ድርሻ ይህ ነው፦ እድሪስ ሲያምን እኔ ታርቄያለሁ እላለሁ። ካላልኩ፣ እሱ ይክዳል፣ እኔም ምስክር የለኝም፤ የሰው ስም አንሥቶ ባዶ እጁን የተመለሰ ከሳሽ እባላለሁ። ነጋዴ ነኝና ወዲያው ገባኝ። አጋፋሪው ለሁለታችንም የሸጠልን አንድ ዕቃ ነው፤ ፍርሃት። ለእድሪስ ሰንሰለቱን አሳየው፣ ለኔ ባዶ እጄን። ከእኛ የሚፈልገው ደግሞ እንድንራራቅ ሳይሆን እንድንቀራረብ ነው፤ መጥፎ ሰው ነው ማለት አልችልም። ካሳው ስንት ከብት እንደሆነ አልጽፍም። ልጅ ያላችሁ ለምን እንደማልጽፍ ታውቃላችሁ።

አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት። «ካመነ በኋላ፣ በእውነት አድርጎት ይሁን አይሁን በምን አውቃለሁ?»

አጋፋሪው ግራ ተጋባ። ይህን የጠየቀው ሰው ያለ አይመስለኝም።

«አምኗል እኮ፣ ወንድሜ» አለ። «ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

ምን እንደምፈልግ ልነግረው አፌን ስከፍት የቀትር ሶላት ሰዓት ሆነ። ቋጠሮው አይፈታም፤ ስለዚህ ተቋጥረን ሰገድን። ሁለት ሰው ሲሰግድ አንዱ መሪ ይሆናል፣ ሌላው በቀኙ ይቆማል። እድሪስ በዕድሜ ይበልጠኛል፣ ቁርአኑንም ከኔ የተሻለ ያነባል። ልጄን ገድሏል ብዬ የከሰስኩትን ሰው መሪ አድርጌ ሰገድኩ። ሲጎነበስ ካልተጎነበስኩ ኩታው ይይዘኛል፤ ስለዚህ በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን በሥርዓት ሰግጄ አላውቅም። በግንባሩ ሲደፋ ብዙ ቆየ። አብሬው ተደፍቼ ቆየሁ። ትንፋሹን እሰማ ነበር። ያም ሰው ፈርቷል።

ሲነሣ፣ አጋፋሪውን እሺ አለው።

ዳኛው ጥላ ተይዞላቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። እድሪስ እጁን አጣምሮ፣ ሳያስብ ሳይሸፍን መሄዱን ተናገረ። ዳኛው ራሳቸውን ነቀነቁ። ስለ ድንጋዩ አልጠየቁም፤ ድንጋዩ ለምን ከመክደኛው አጠገብ በሥርዓት እንደተቀመጠ አልጠየቁም፤ ያመነ ሰው አይጠየቅም። «ድንጋዩስ?» ልል ስል አጋፋሪው እግሬን ረገጠኝ። ቀስ ብሎ ነው የረገጠኝ። ወደ እኔ ሲዞሩ፣ ታርቄያለሁ አልኩ። የወጣው ድምፅ የኔ አልመሰለኝም፤ ግን ከኔ በስተቀር ማንም እዚያ ታርቄያለሁ የሚል አልነበረም። ዳኛው ፍቷቸው አሉ። አጋፋሪው ቋጠሮውን ታገለ፣ በጥርሱም ሞከረ፣ አልሆነለትም። እድሪስ አንድ ጊዜ ሳብ አድርጎ ፈታው።

መንገዱ አንድ ነውና አብረን ተመለስን። ነፃ ነን፤ እሱ ቀድሞኝ መሄድ ይችላል፣ እኔም መቅረት እችላለሁ። ልብ ስል ግን ጎን ለጎን፣ በኩታው ልክ ተራርቀን ነው የምንሄደው። ወንዙን ስንሻገር እጁን ሰጠኝ። ያዝኩት። ማዶ ከወጣን በኋላ ሸፍነኸው ነበር ወይ አልኩት።

«የቱን ትፈልጋለህ?» አለ። «የዳኛውን ወይስ የኔን?»

«ያንተን።»

«ሸፍኛለሁ። ድንጋዩ ትልቅ ናት፣ ላዩ ላይ ጫንኩ።» ጥቂት ሄደ። «ለዳኛው ግን አልሸፈንኩም። እኔ ሰንሰለት ከገባሁ ልጆቼ ማን ያበላል?»

ልጆቹን አውቃቸዋለሁ፤ ከሙሳ ጋር ይጫወቱ ነበር።

ሰፈር ልንደርስ ስንል መንገዱ በጉድጓዱ አጠገብ ያልፋል። ፀሐይ አልጠለቀችም፣ ደህና ይታይ ነበር። ጧት ስንወጣ በእድሪስ አሮጌ መክደኛ እንደተሸፈነ በዓይኔ አይቼው ሄጃለሁ። አሁን ግን ላዩ ላይ አዲስ መክደኛ አለ። ቀርከሃው ገና አረንጓዴ ነው፣ ከተቆረጠ ቀን አልሞላውም። አዲስ ድንጋይም ተጭኖበታል። የእድሪስ አሮጌ መክደኛ ሣሩ ላይ ተቀምጧል፣ ድንጋዩ ከመክደኛው አጠገብ።

በሥርዓት።

ሁለታችንም ቆምን። እስቲ እናንተም ከእኛ ጋር ቁሙና አስቡት። ጉድጓዱ የተተወ የሚሆነው እድሪስ ሳልሸፍን ሄድኩ ሲል ብቻ ነው። ያን ያለው በቀትር ነው፣ ከጧት እስከ ረፋድ በሚያስኬድ ቦታ፣ ከእኛም ቀድሞ ወደ አሶሳ የተመለሰ የለም። ወሬውን ይዘን የመጣነው እኛ ነን። ለአንድ ሰው ግን ወሬ አልነበረም፤ ያን ሌሊት ድንጋዩን ላነሣው ሰው። እድሪስን ከጉድጓዱ ለማስለቀቅ የሚያስፈልገው አንድ ሌሊት ክፍት ሆኖ መገኘቱ ብቻ ነበር፤ ልጅ ይገባበታል ብሎ ያሰበ አይመስለኝም። ካሰበም አላውቅም።

እድሪስ አዲሱን መክደኛ በእግሩ ጣት እንኳ አልነካውም። አንሣው አልኩት፣ ያንተ ነው።

«ትቻለሁ ብያለሁ» አለ። «ዳኛው ሰምቷል። አሁን አልተውኩም ብል ማን ያምናል?»

«እኔ እመሰክርልሃለሁ።»

አየኝ። በቁጣ አልነበረም። «አንተም ታርቀሃል» አለና ወደ ቤቱ አቀና።

የማን መክደኛ እንደሆነ ነገ ይታወቃል፤ ጧት ማን እንደሚወርድበት ሰፈሩ ሁሉ ያያል። ታውቆስ? የተተወ ጉድጓድ መውሰድ ጥፋት አይደለም፤ መተዉንም ባለቤቱ በዳኛ ፊት አምኗል፣ እኔም ተቀብያለሁ። ያ ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሰላም ይለኛል። ለቅሶዬ ላይ መጥቶ ነበር ይሆናል፤ መጥቶ፣ አብሽር ብሎ አጽናንቶኝ፣ እጄን ጨብጦ ይሆናል። የማንን እጅ እንደጨበጥኩ ለማስታወስ እየሞከርኩ ቤቴ ደረስኩ።

ሐዋ በራፉ ላይ ቆማ ነበር። ከሙሳ ወዲህ ብዙ አትናገርም።

«አመነ?» አለች።

«አመነ።»

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች፤ ትከሻዋ ወረደ። ሙሳ ከተገኘበት ቀን ጀምሮ እንዲህ ስትተነፍስ አላየኋትም ነበር። ውሃ አመጣችልኝ፣ እህል አቀረበችልኝ፣ ራሷም አብራኝ ጥቂት ቀመሰች። ቀጥሎ ልነግራት ያሰብኩትን ሁሉ ከእህሉ ጋር ዋጥኩት። አጋፋሪው ሌላ ምን ትፈልጋለህ ሲለኝ ምን ማለቱ እንደሆነ ያኔ ገባኝ፤ አንድ ሰው በዚህ ነገር ዕረፍት አግኝቷል፣ ሐዋ ናት፣ እኔ ማን ነኝና እነጥቃታለሁ?

ዘይነብ እየዳኸች ወደ በሩ ስትሄድ አየኋት። አንሥቼ መለስኳት። ተመልሳ ሄደች። እንደገና መለስኳት። ድካም ሲጥላት መደቡ ላይ አስተኛኋት፤ ከወንዙ ያልደረቀውን የኩታዬን ጫፍ በቁርጭምጭሚቷ ዙሪያ ሁለቴ አዙሬ በሥር አሳለፍኩት፣ እንዳይጎዳት ለቀቅ፣ እንዳይፈታ ጠበቅ አድርጌ ሳብኩና ሞከርኩት፣ ከዚያም አጠገቧ ጋደም አልኩ።